መታወቂያ የምትጠይቅ ወፍ

ኬብራቾ ሶሎ፣ ማርች 9

ለአበልጄ ለራሚሮ ባልቡዌና፣

እንደምን ሰነበትህ? ሶሌዳድስ ከነሆዷ እንዴት ናት? እኛ ደህና ነን፤ ከሙቀቱና ከትንኙ በቀር ክፉ ነገር የለም። የክርስትና ልጅህ ጊሴላ በቁመት በልጣኛለች፤ "የክርስትና አባቴን ዋናው ከተማ ዋጠው ወይ?" እያለች ትጠይቃለች።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። በስልክ የምትልከው የድምፅ መልእክት አስጠልቶኛል። አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ደጋግመህ ጉሮሮህን ትጠራርጋለህ፤ በመሀል አውቶቡስ ያጓራል፤ ከዚያ "ሰማሽ አይደል?" ብለህ ትዘጋለህ። የሰው አክታ ስሰማ መዋል አልፈልግም። አንተ በስልክ ጠይቅ፣ እኔ በወረቀት እመልሳለሁ። ለነገሩ ሲስተማችንን ቺንጎሎን በዚህ ዘገምተኛ ኢንተርኔት ልላክ ብል ለገናም አትደርስህ፤ ፍላሹ በአውቶቡስ መሄዱ ካልቀረ ደብዳቤውም አብሮት ይሳፈር።

"አልቃለች ወይ?" ላልኸው፣ አዎ፣ አልቃለች። አንተ የትምህርት ቤታችን ቴክኒሻን፣ እኔ አስተማሪዋ ሆነን በዚያ በሚያፈስ ክፍል የጀመርናት ነገር ዛሬ ኮምፒውተር የምታንቀሳቅስ ሙሉ ሲስተም ናት። ስሟን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ "እንደ ቺንጎሎ፣ በየግቢው ፍርፋሪ እንደምትለቅመው ወፍ፣ ጥቂት በልታ የትም ትኑር" ብለህ። ትናንት ለመጨረሻው ሙከራ መጋዘን ገባሁ። መንግሥት ለተማሪ ሁሉ አድሏቸው ኋላ "አርጅተዋል" ብሎ ያስጣላቸው ነጫጭ ላፕቶፖች እስከ ጣሪያ ተከምረዋል። ከሁሉ የባሰውን መረጥኩ። ስፈታው በረሮ ወጣ፤ አንድ ሳይሆን ቤተሰብ ነው የወጣው። ከኪቦርዱ ሥር የአይጥ ሽንት ደርቆ ነበር። አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት። ከዚያ ፍላሹን ሰካሁ። የማቴ ሻይ ውሃ እሳት ላይ ጥጄ ነበር፤ ውሃው ሳይሞቅ ማሽኑ ተከፈተ። ጻፍኩበት፣ የሒሳብ ትምህርቱን ከፈትኩበት፣ ፊልም አሳየሁበት፤ አንዴም ቀጥ አላለም።

ይህን ማሽን ነው እንግዲህ "ሞቷል፣ ቅበሩትና አዲስ ግዙ" ያሉን። ሞቶ አልነበረም። የማይችለውን ጭነት ጭነውበት ነው የወደቀው። ይህን ሳስብ ከበረሮው ይልቅ ሰዎቹ ያቅለሸልሹኛል።

"ዶክተር ሮልዳን በቺንጎሎ ምረቃ ላይ ንግግር ቢያደርግ ቅር ይልሻል ወይ?" ብለሃል። ይናገር። አለቃህ ነው፤ የመሥሪያ ቤታችሁ ኃላፊ ነው፤ ለምርጫም ይወዳደራል፤ አፍ የተሰጠው ለዚያ ነው። ሕግ ተምሮ ዶክተር መባሉንም እችለዋለሁ፤ አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው። ቺንጎሎ ውስጥ ግን አይግባ። የተማማልነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ የማንም ፎቶ አይለጠፍባትም፤ ማንንም ማን ነህ አትልም፤ የኢንተርኔት ገጿ ለሁሉም ክፍት ይሆናል፣ የፈለገ ያወርዳታል። የገጹን ቁልፍ አንተ እንድትይዘው ያደረግኩት አበልጄ ስለሆንህ ነው። ይኸው የመጨረሻዋ፤ ቁልፉን ክፈትና ለሕዝብ ልቀቃት።

ሶሌዳድ ስትወልድ ወዲያው ንገረኝ። ቺፓ፣ ያን የአይብ ዳቦ፣ ጋግሬ ከፍላሹ ጋር ልኬያለሁ፤ ሾፌሩ እንዳይበላው ቁጠረው።

አበልጅህ ሚርታ ኦሌክሱክ

*

ማርች 27

ለምወድሽና ለማከብርሽ አበልጄ ለሚርታ፣

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። መዘግየቴን አውቃለሁ፤ ምክንያቴን ስትሰሚ ግን ትስቂያለሽ። ሴት ልጅ ወለድን! ስሟን ፓውሊና ብለናታል። ሶሌዳድ ደህና ናት፤ ትንሽ ደክሟታል እንጂ። ልጅቷ አፍንጫዋ የእናቷ፣ ጩኸቷ የአያቷ፣ የእኔ ብሎ ነገር የላትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቺፓው ደርሶናል። ደርቆ ነበር፤ ግን በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሙልጭ አድርጌ በላሁት።

ስለ ገጹ ለጻፍሽልኝ፣ አልተዘጋም፤ ለጊዜው ተሸፍኗል ማለት ይሻላል። ዶክተሩ ይፋ የምትሆነው በሥነ ሥርዓት ነው ብሏል። ቺንጎሎን ሳሳየው ብታዪው! በዚያ በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ ስትከፈት ጠረጴዛውን መታው። "ይህቺ የሕዝብ ናት!" አለ። አንዳንድ ትንንሽ ማስተካከያዎች እንዲገቡባት ይፈልጋል፤ ቀለም ምናምን፤ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

ደግሞ ሌላ ደስ የሚል ነገር አለ። መሥሪያ ቤቱ በጀት በተቆረጠ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚታጠፈው የእኛ ክፍል እንደነበር ነግሬሽ ነበር። ከእንግዲህ ማንም አይነካንም። መላ አግኝቼለታለሁ። ምን እንደሆነ ስንገናኝ አጫውትሻለሁ፤ በደብዳቤ አይሆንም።

ምረቃው ኤፕሪል 26 በእናንተው ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። በሕዝብ ፊት የምትከፍቻት አንቺ ነሽ። "እዚያ አገር ሰው የሚያምነው ሚርታን ነው" ብዬ ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ፤ እሱም ወድዶታል። እኔ ልምጣ አልምጣ አላውቅም። ልጅቷ ገና ጭቅላ ናት፤ ሶሌዳድን ብቻዋን ትቼ መንገድ መውጣት ይከብደኛል። እንዳታዝኚብኝ።

ጊሴላን ሳሚልኝ።

ራሚሮ

*

ኬብራቾ ሶሎ፣ ኤፕሪል 29

ራሚሮ፣

እንኳን ማርያም ማረቻት። ፓውሊና ትደግ፣ ትመንደግ። ይህን ከልቤ ነው ያልኩት፤ ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ እንዳትረሳው።

"እንዴት ነበር?" ብለህ ጠየቅህ። ያልመጣኸው እንዴት እንደሚሆን ስለምታውቅ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ፤ ቢሆንም ልንገርህ።

የአለቃህ ስም የተለጠፈባቸው ፒክአፖች ገና ጠዋት መጡ። ከበሮ መቺ አወረዱ፤ ቋሊማ በዳቦ አድርገው ቾሪፓን ማደል ጀመሩ። አዳራሹን የስብ ጭስ ሞላው። ሰው በዚያ ወበቅ ተፋፍጎ ጠበቀ፤ ዶክተሩ ከምሳ በኋላ ደረሰ። መጣና ሴቱን ሁሉ በየተራ ሳመ። እኔንም ጉንጬን ሳመኝ። ሽቶና ላብ የተለወሰበት እርጥብ ጉንጭ፤ እስከ ዛሬ ታጥቤ አልጠራልኝም። ከዚያ "ይህን ሲስተም ስንሠራ" ብሎ ጀመረ። ስንሠራ! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው በሚያውቁት አገር ነው የመጣው፤ እኛው ቁርበቱን አነጠፍንለት።

ጠሩኝ። የሰጡኝን ፍላሽ ሰክቼ ማሽኑን በትልቁ ስክሪን ላይ ከፈትኩ። ቺንጎሎን ጠበቅኩ። የወጣው የእሱ ፊት ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጥርሱን አግጥጦ፣ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ። ደግሞ ይናገራል! "ውድ ጎረቤቴ" ይላል። ያ የማቴ ውሃ ሳይሞቅ ይከፈት የነበረ ማሽን አሁን ያቃስታል፤ ፊቱን ተሸክሞ መነሣት አቃተው። ሰው ጠበቀ፣ ጠበቀ። ኤውላሊያን ታውቃታለህ፤ ከሐይቁ ዳር ፍየል የምታረባዋ፣ የልጅ ልጇን በዚያ ላፕቶፕ የምታስተምር። ከፊት ወንበር ተነሥታ ጮክ ብላ፣

"ሚርታ፣ ሰውዬው ከዚያ ውስጥ የሚወጣው መቼ ነው?" አለች።

"ከምርጫ በኋላ!" አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅኩ። የሳቅኩት ግን እስከዚያው ድረስ ነው።

ፊቱ ሲወርድ ሳጥን መጣ። የመታወቂያ ቁጥር። የስልክ ቁጥር። "በቤትዎ ስንት መራጭ አለ?" እነዚህን ካልሞሉ ወደ ውስጥ አያስገባም። የእኔ ቺንጎሎ በር ላይ ቆማ እንደ ፖሊስ መታወቂያ ትጠይቃለች! ፍላሹን ነቀልኩና "ቆይ፣ ይህ የእኔ አይደለም፤ ማንም እንዳይሞላ" አልኩ። ማይኩን ወሰዱብኝ። "ትንሽ የቴክኒክ ችግር" ብለው ከበሮ አስመቱ። ከበሮው ሲያባራ የዶክተሩ ጎረምሶች አስቀድመው የጫኑባቸውን ማሽኖች እያደሉ ነበር፤ ሰው ተሰልፎ ይሞላል። ኤውላሊያም ሞላች። "ሚርታ የሠራችው ነው" ሲሉ እሰማለሁ፤ ማን ይስማኝ?

የነቀልኩትን ፍላሽ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ቾሪፓናቸውን አልቀመስኩም።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ይህን ሳጥን ያስገባው ማን እንደሆነ ንገረኝ። የገጹን ቁልፍ ላክልኝ፤ ንጹሕዋ ቺንጎሎ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለች፤ በራሷ ገጽ ላይ እኔ እለቃታለሁ፤ የፖሊሷን ትታችሁ ይህን ጫኑ እላቸዋለሁ። አሁን የሚያሳስበኝ ይኸው ብቻ ነው፤ ሰው ስሜን አምኖ ቤቱን ከፍቶላቸዋል።

ሚርታ

*

ሜይ 8

አበልጄ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ልጅቷም አታስተኛን፤ ሆዷን ይቆርጣታል፤ ሶሌዳድ የካሞሚል ሻይ በጠብታ ትሰጣታለች። ከደብዳቤው ጋር አልፋሆር ብስኩት ልኬልሻለሁ፤ ያ የምትወጂው ከመሀሉ ካራሜል ያለው። ለጊሴላ ደግሞ የፓውሊናን ፎቶ።

ሥዕሉ አስቀያሚ ነው፤ ተስማምቻለሁ። ከባድም ነው፤ እኔም ነግሬያቸው ነበር። ስለ ሳጥኑ ግን አታጋንኚ እባክሽ። ስታቲስቲክስ ነው። መንግሥት ማን እንደሚጠቀም ማወቅ አለበት፤ አለዚያ በጀት ማን ይሰጣል? ማን አስገባው ላልሽው፣ የቡድን ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር የአንድ ሰው እጅ አይደለም።

ቁልፉን አሁን ለመላክ አይመቸኝም። ምክንያቱን በኋላ እነግርሻለሁ። ትንሽ ታገሺኝ።

ሌላው፣ ጁን 2 የፓውሊና ክርስትና ነው። አንቺና ጊሴላ ካልመጣችሁ ድግስ አይባልም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ይሻልሻልና ልንገርሽ፤ የክርስትና አባቷ ዶክተር ሮልዳን ነው። ቆይ፣ ሳትቆጪ ጨርሺው። መላ አግኝቻለሁ ያልኩሽ ይህን ነበር። ክፍላችን ሊዘጋ ቀርቦ ነበር፤ ከተዘጋ ቺንጎሎም አብራ ትሞታለች። ስለዚህ ሄጄ አበልጅ ሁነኝ አልኩት። የአበልጁን ሥራ የሚያፈርስ ማን አለ? ያን ቀን ወዲያውኑ ክፍላችን ከሚዘጉት ውስጥ ወጣ። ለእሷ ብዬ ነው ያደረግኩት። ለእኛ ብዬ።

ራሚሮ

*

ኬብራቾ ሶሎ፣ ሜይ 20

ራሚሮ፣

አልፋሆሩን በዚያው አውቶቡስ መልሼልሃለሁ። ካርቶኑ አልተከፈተም። ጊሴላ ከፍተን አንድ ብንቀምስስ ብላኝ ነበር፤ ፎቶውን ብቻ ሰጠኋት። ልጅቷ ታምራለች፤ የሚያሳዝነኝ እሷ ናት። ለክርስትናዋ አንመጣም።

ወይ ብልሃት! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማህም? አንተ ደግሞ ጅቡን ራሱን ባል አደረግኸው። እኛ አገር አበልጅ ለጠየቀው እምቢ እንደማይባል ማንም ያውቃል፤ ላም ይጠይቅ፣ ዋስ ይጠይቅ፣ ድምፅ ይጠይቅ። አንተ እሱን ያሰርከው መስሎህ ነበር። ሰውዬው እኮ በየከተማው የክርስትና ልጅ አለው! ሥራው ይኼው ነው። ያንተዋ ስንተኛዋ እንደሆነች ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔና አንተ በጊሴላ ራስ ላይ በፈሰሰው ውሃ አበልጅ ስንሆን የሚጠየቅም የሚሰጥም ነገር አልነበረንም፤ የተበደረ ልብስ ለብሰህ ነው የመጣኸው። ያንን ቃል ነው ወስደህ እዚያ የረጠበ ጉንጭ ላይ የለጠፍኸው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይላሉ፤ እስከ ጭራው መድረሱን ደግሞ ከአንተ አየሁ።

"ስታቲስቲክስ ነው" አልኸኝ። እሺ፣ ስታቲስቲክስህ ምን እንደሚመስል ስማ። ባለፈው ሰኞ ኤውላሊያ ላፕቶፗን በዱቄት ከረጢት ጠቅልላ መጣች። ተቀመጪ አልኳት፤ አልተቀመጠችም።

"ምነው ሚርታ፣ አሳልፈሽ ሰጠሽኝ?" አለችኝ።

"ለማን?"

"ሁለት የዶክተሩ ጎረምሶች ስጦታ ነው ብለው ፍራሽ ተሸክመው መጡብኝ። 'ዶኛ ኤውላሊያ፣ አራት መራጭ አለሽ አይደል?' ይሉኛል። ትንሹ ልጄ ለመምረጥ መድረሱን እኔ እናቱ ረስቼው ሦስት ብዬ ነበር የሞላሁት፤ እነሱ ግን ያውቃሉ!"

"ምን አልሻቸው?"

"ፍራሽ አለኝ አልኳቸው። 'ደርቢው' አሉኝ። አልፈልግም ስል ትልቁ ሳቀና፣ 'እሺ፣ ለማንኛውም ቤትሽን አውቀነዋል' አለኝ። ከየት አወቃችሁ ብላቸው 'መታወቂያሽን በመምህርቷ ማሽን ላይ አንቺው ነሽ የጻፍሽው' አሉ።"

"ኤውላሊያ፣ እኔ እኮ እንዳትሞሉ ብዬ…"

"ከበሮ ነው የሰማሁት። ዶክተሩንማ አላምነውም፤ ጥርሱ ራሱ ይናገራል። አንቺን አይቼ ነው የጻፍኩት።"

ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ "የልጅ ልጄ በወረቀት ትማር፤ ወረቀት አያሳብቅም" ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰው ማሽኑን እየመለሰ ነው። አንዳንዱ በሬ ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ሰላም እንኳ አይለኝም። ያ መጋዘን እንደገና ሊሞላ ነው፤ በረሮዎቹ ደስ ይበላቸው!

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ። ፊቱን የለጠፈው ማን እንደሆነ አልጠይቅህም፤ ፊት መለጠፍ ለማንም አያቅትም። ያቺ ሳጥን ግን ቺንጎሎን ውስጥ ውስጡን በሚያውቅ ሰው ነው የተጻፈችው፤ ማሽኑ ኢንተርኔት ባያገኝ እንኳ መልሱን ደብቃ ትይዝና ሲያገኝ ትልካለች። ማን ጻፋት? አንድ ቃል ይበቃኛል። ስለ ልጅቷ ሆድ፣ ስለ ሶሌዳድ፣ ስለ አየሩ እንዳትጽፍልኝ።

ሚርታ

*

ጁን 4

ሚርታ፣

እኔ።

አንድ ቃል ነበር የጠየቅሽው። ግን ሌላውንም አንብቢው፤ ከዚያ ብትቀድጂው ግድ የለኝም።

ፓውሊና በተወለደች ማግስት ሆስፒታል ድረስ መጣ። አበባ ይዞ፣ ፎቶ አንሺ ይዞ። ሶሌዳድ ገና አልተነሣችም ነበር። ልጅቷን ከአልጋው አንሥቶ ታቀፋት። "አበልጄ" አለኝ፤ ክርስትና ሳትነሣ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ልጄን እንዳቀፈ "አንድ ትንሽ ነገር ነበረችኝ" አለ። ሳጥኗን ነገረኝ። ራሷን በእጁ መዳፍ ደግፎ ነበር። ልጄን ከእጁ ነጥቄ እምቢ ልበለው? ምን ልበለው ሚርታ? እሺ አልኩት። ሌላ ሰው ቢጽፈው ማሽኑን ያበላሸዋል ብዬ ራሴ ጻፍኩት። ኢንተርኔት እስኪገኝ የሚጠብቀው ነገር እንኳ የእኔ ሐሳብ ነው። እሱ አልጠየቀኝም። በደንብ እንዲሠራ ፈልጌ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ቁልፉን ያልላክሁልሽ እኔ ጋ ስለሌለ ነው። ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። አንቺ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፍሽ በፊት። ገጹ ከእንግዲህ የእነሱ ነው።

የክርስትናው ዕለት ሮልዳን ከጥብሱ አንድ ቁራጭ ቀምሶ ሄደ፤ ሌላ ክርስትና ነበረበት። ሶሌዳድ አታናግረኝም።

አሁን እለምንሻለሁ፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ። ዝም በይ። እስከ ምርጫው ብቻ። ከዚያ በኋላ ሳጥኗን በገዛ እጄ አወጣታለሁ፤ ቺንጎሎን እናጸዳታለን፤ ሁሉ ነገር እንደ ድሮው ይሆናል። አሁን ብትናገሪ የሚወድቀው እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ሥራዬ፣ የምንኖርበት ቤት፣ የልጅቷ ሕክምና፣ ሁሉም በእሱ እጅ ነው።

ራሚሮ

*

ኬብራቾ ሶሎ፣ ጁን 18

ራሚሮ፣

ደብዳቤህን አልቀደድኩትም። ትናንት የላክኸውንም የድምፅ መልእክት ሰማሁት፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረበት። "ተጸየፍሽኝ ወይ?" አልኸኝ።

አዎ።

ልጅ ታቅፎ የሚለምንን ሰው እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አላጣሁትም። እሺ ማለትህን ብቻ ብትጽፍልኝ ኖሮ አልቅሼ፣ ረግሜህ፣ ይቅር ልልህ እችል ነበር። ያቅለሸለሸኝ ሌላው ነው። በደንብ እንዲሠራ ፈልጌ ነው አልህ። እሱ ያልጠየቀህን ጨምረህ ሠራህለት። ኢንተርኔት የሌለውን ሰው እንኳ እንዳያመልጥ አሰብህለት። ያ ከእኔ ጋር ተቀምጠህ ቺንጎሎ ትንሽ እንድትበላ ስትጨነቅበት የነበረው አእምሮህ እኮ ነው! ያንኑ ነው የሰጠኸው። ደብዳቤህን ባነበብኩ ቁጥር እጄን መታጠብ ያምረኛል።

"እስከ ምርጫው ዝም በይ" ላልኸው፣ አልልም። ምርጫው ሲያልፍ ሌላ ምርጫ ይመጣል። የኤውላሊያ በር ግን ዛሬም ይንኳኳል።

የገጹን ቁልፍ ተወው፤ ይበሉት። ከወንዙ ማዶ ያለው የኅብረት ሥራ ቤተ መጻሕፍት አዲስ ገጽ ሰጥቶናል። ቁም ሣጥኔ ውስጥ የነበረችውን ንጹሕዋን እዚያ አስቀምጫታለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ሁሉን ነገር ካዩ በኋላ "የዚህን ሰውዬ ስም አጥፊው፤ ለምን ያቆሽሽሻል?" አሉኝ። ልፍቀው ተቀመጥኩ።  ከዚያ እኔና አንተ የጻፍነው ደንብ ትዝ አለኝ፤ የወሰዳት ሁሉ የፈለገውን ይቀይር፣ የሠሯትን ሰዎች ስም ብቻ አይፋቅ ይላል። አስጠላኝ፤ ግን ደንብ የሚወጣው ለሚወዱት ሰው ብቻ አይደለም። ግማሹ ሥራ የአንተ ነው። አሮጌው ባትሪ እንዳይግል ማሽኑን የምታስተኛዋ የፕሮግራሙ ክፍል ያንተ ናት፤ ከእሷ የተሻለ የሠራ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ስምህ ከስሜ ቀጥሎ እንደተጻፈ አለ።

ከሥሩ ደግሞ ይህን ጽፌያለሁ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው እኔው ልንገርህ። "በምረቃው የታደለችው ቺንጎሎ መታወቂያችሁንና ስልካችሁን ወስዳ ለዶክተር ሮልዳን የምርጫ ሰዎች ትልካለች። ሳጥኗን የጻፈው ራሚሮ ባልቡዌና ነው። ስታወጧት እንዲህ አድርጋችሁ አውጧት።" ቀጥሎ አወጣጡን በቀላል ቋንቋ አስረድቻለሁ። ሥራህን ልታጣ ትችላለህ። አውቄ ነው ያደረግኩት። ሶሌዳድ ልጅቷን ይዛ እኔ ጋ መምጣት ብትፈልግ ክፍል አለኝ፤ ይህን ለእሷ በስልክ ነግሬያታለሁ፤ የመለሰችልኝን ከእሷ ጠይቅ።

ኤውላሊያ ማሽኗን ገና መልሳ አልወሰደችም። ደጋግሜ ሄጃለሁ። በመጨረሻ ከግቢው በር ላይ ቆማ ሰማችኝ፤ ወንበር አልሰጠችኝም። "እንግዲህ አስብበታለሁ" አለች። ሌሎች ጥቂት ሰዎች ወስደዋል። የቀረውን በየቤቱ እየዞርኩ እያጸዳሁ ነው፤ አንዳንዱ በሩን ይዘጋብኛል፤ ይዝጋ፤ መብቱ ነው።

ጊሴላ የአሥራ አምስተኛ ዓመት ልደቷ በኦገስት ነው። በልማዳችን ከአባቷ ቀጥሎ የቫልሱን ዳንስ አብሯት የሚደንሰው የክርስትና አባቷ ነው፤ ይህን የሚቀይር ሰው የለም። ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ "ይምጣ፣ ግን እኔን ብቻ ብሎ ይምጣ" አለች። እሷ ካለች ና። ምግብ አቀርብልሃለሁ። አላናግርህም።

ቺንጎሎ ሐሙስ ጠዋት ለሕዝብ ክፍት ትሆናለች። ቤትህ ውስጥ አሮጌ ማሽን ካለህ አንተም አውርዳት። ማን እንደሆንህ አትጠይቅህም።

ሚርታ ኦሌክሱክ